ቅጹን የምሰበስበው እኔ ነኝ

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ደም ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል።
ሎርና ነው ስሜ፤ ከሊፍቱ አጠገብ ያለው ወንበር ያውቀኛል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዱሉዝ፣ ሐይቁ በረዶ ሲለብስ፣
የሬዚደንቶቹን ቅጽ ስሰበስብ፣ ስቆጥር፣ ስመልስ።

በየካቲት አንድ ዓርብ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣
የውስጥ ደዌ ሁለተኛ ዓመት ይመርጣል፤ ሰበብ የለም ሌላ።
ሦስት ሣጥን ነው ቅጹ፣ ከታች ፊርማ፣ ከላይ ስም፤
አንዱን በእስክሪብቶ ካጠቆሩት ወደኋላ የሚባል የለም።

የመጀመሪያው ለሆስፒታል፦ ሌሊት፣ ተረኛ፣ ድንገተኛ፣
ሲነጋ በሽተኛውን ለሌላ አስረክቦ የሚተኛ።
ሁለተኛው ለክሊኒክ፦ ያው ሰው፣ ያው ስኳር፣ ያው ግፊት፣
ዘንድሮም ከርሞም የሚመጣ፣ ያው ሳል በያው ፊት።
ሦስተኛው ለምርምር፦ አይጥ፣ ቁጥር፣ ድጎማ፣
አምስት ዓመት ጠይቆ አንድ «ምናልባት» የሚሰማ።

ዴቨን ኦስትሮው ወረቀቱን እስኪቀድ ነበር ያጠቆረው፤
ልብ ሐኪም ሊሆን ነው፤ አባቱን በልብ ነው የቀበረው።
ሐሞተ ኮስታራዋ ቻንድሪማ፣ ሞት እንኳ የማያስደነግጣት፣
ሁለት ቅጽ አበላሽታ ሦስተኛውን በእንባ አራሰችው፤ ሌላ ሰጠኋት።

ልብና ኩላሊት መመርመር የፈጣሪ ሥራ ነው ሲባል አድጌ፣
አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ትመረምራለች፣ ከደጄ።

ማረን ሃልቮርሰን ነው ስሟ፤ ከሰሜን፣ ከማዕድን ከተማ ናት፤
ስታስብ የምታኝከው፣ የተበላ የመታወቂያ ገመድ አላት።
ዓርብ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወረቀት ጣል አድርጋ በረረች፣
ፔጀሯ እየጮኸ፣ የአንድ እግር ጫማዋን እንኳ ሳታስር ሮጠች።

ገልጬ አየሁት። ቅጹ አይደለም።
ሣጥን የለው፣ ፊርማ የለው፣ ስም የለም።
የቀን ሥራዋ ዝርዝር ነው፦

አልጋ አሥራ አራት፣ ፖታሲየም፣ እንደገና።
የወይዘሮ ቤርግሉንድ ሳንባ፣ ውሃው ስንት ወጣ?
የአርቮ ልጅ ጋ መደወል። ምግቡን ማን ነው የሚገዛለት?
አርቮ ደረጃ ይወጣል ወይስ ይዋሻል?
ጓንት መግዛት።
አርቮ፣ ማክሰኞ፣ እኔው ራሴ።

አርቮ ላህቲን አውቀዋለሁ፤ የማዕድን መርከብ ምግብ አብሳይ፣
ሠላሳ ዓመት ለሰው ጨው ሲያበዛ፣ ጨው የዞረበት በራሱ ላይ።
እግሩ ሲያብጥ ይመጣል፣ ሲጎድል ይሄዳል፣ እንደ ሐይቅ፤
ለሁሉም «ደኅና ነኝ» ይላል። ለእሷ ግን አይልም፤ ምክንያቱን አላውቅ።

ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «የዘገየ ቅጽ አንቀበልም»፤
ግድግዳው ላይ በትልቁ። ለማንም ተለሳልሼ አላውቅም።
ሊፍቱን ትቼ በደረጃ ወጣሁ፣ ዝርዝሩን እንደ እንቁላል ይዤ።
ኮምፒዩተሩ ፊት አገኘኋት፣ ግንባሯ ከቁልፎቹ ላይ፣
ስክሪኑ አንድ ፊደል እየደጋገመ ሦስት ገጽ ሞልቷል።
ቅጹ ከክንዷ ሥር ነው። ባዶ።

ማስነሣት ነበረብኝ።
ዝርዝሩን ከጎኗ አኑሬ፣ ቁልቁል፣ በዚያው ደረጃ።
አሥራ አንድ ሞላ፤ አለፈ።
የቢሮዬን በር ቆለፍኩ፣
ዓርብን ግን እስከ ሰኞ ክፍት ተውኩት።

ሰኞ ማለዳ ከበሬ ሥር ተንሸራቶ አገኘሁት።
አንድ ሣጥን ጠቁሯል፤ በሁለት ዓይነት ቀለም፣
መሃሉ ላይ ሌሊት ያደረበት ይመስላል።

አለቃው ጠየቁኝ። «ቀኑን ጠብቆ ገብቷል» አልኩ፤ ዋሸሁ።
ዴቨን ጠየቀኝ።
ማክሰኞ አርቮ ከሊፍቱ ወጣ፣ ጫማው ሳይታሰር፣ እግሩ አብጦ፦
«ያቺ ልጅ ትቆያለች? ወይስ እሷም እንደ ሌሎቹ?»

ከውስጥ ደዌ ሰዎች ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ
ሁሉ ነገር በራጅ እንደማይታይ ተምሬያለሁ።
ወንበር ሳብኩለት፣ «እግርህን ከፍ አድርግ» አልኩት፤
ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

ጓንቱን ግን እስካሁን አልገዛችም።
ይህን መናገር እችላለሁ።